ድንጋይ፣ ዝናብና ጣሪያ፦ የላሊበላ መጠለያዎች በፊዚክስ ዓይን

የአካባቢ ጥበቃና የቅርስ ፖሊሲ ሲነሣ፣ ጉዳዩ የሕግ ዐዋቂዎች፣ የታሪክ ምሁራንና የአስተዳደር ሰዎች ብቻ የሚመስላቸው የሳይንስ ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ሚኒስትር የአንድን ጥንታዊ ሕንፃ ዕጣ ለመወሰን ባለሙያዎችን ሰብስበው ሲያወያዩ፣ በጠረጴዛው ዙሪያ አርክቴክቱ፣ የሥነ ምድር ባለሙያው፣ መሐንዲሱ፣ የአርኪዮሎጂ ምሁሩና የደብሩ አስተዳዳሪ ይቀመጣሉ። ሚኒስትሩ የሚያቀርቡት ጥያቄ አጭር ነው፤ «ይነሣ ወይስ ይቆይ?» መልሱን አጭር እንዳይሆን የሚያደርገው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፊዚክሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የላሊበላን መጠለያዎች ጉዳይ በምሳሌነት ወስደን፣ ተማሪ በክፍል ውስጥ በሚያውቀው ፊዚክስ ብቻ ምን ያህል ርቀን መሄድ እንደምንችል እንመለከታለን።

የነገሩ አመጣጥ በአጭሩ እንዲህ ነው። አሥራ አንዱ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ዝናብና ስንጥቅ እያደር ስላሳሰቡ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በብረት ምሰሶዎች ላይ የቆሙ ሰፋፊ መጠለያዎች በመድኃኔ ዓለም፣ በማርያም፣ በአማኑኤልና በአባ ሊባኖስ አብያተ ክርስቲያናት ላይ ተሠሩ። ሲሠሩ የታሰቡት ጊዜያዊ ሆነው ነበር። ዓመታት ካለፉ በኋላ የላሊበላ ነዋሪዎችና ካህናት መጠለያዎቹ ራሳቸው አደጋ ይሆናሉ የሚል ሥጋት ማሰማት ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ እንዲነሡ ጠየቀ። መጋቢት 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን በላሊበላ ሲገኙ፣ ፈረንሳይ በጥበቃው ሥራ እንደምታግዝ ተገለጸ። በዚያን ጊዜ የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴርን ይመሩ የነበሩት ዶክተር ሂሩት ካሳው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከተማዋ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር ከረመች፤ ድንጋዩ ግን ጦርነት አለ ብሎ ዝናብ መምጠጡን አላቆመም።

ሕጉስ ምን ይላል? የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 የወጣው በ1992 ዓ.ም. ነው። ለእኛ ይበልጥ ትኩረት የሚስበን ግን ከዚያ በኋላ፣ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ነው። አዋጁ «ተጽዕኖ» የሚለውን ቃል ሲተረጉም አፈርን፣ አየርን፣ ውኃንና የአየር ንብረትን ከዘረዘረ በኋላ የተፈጥሮና የባህል ቅርስንም አብሮ ያስገባል። ይህ ትርጓሜ ከፊዚክስ አኳያ እጅግ ትክክል ነው እንላለን። ድንጋይ ከዙሪያው አየር፣ ውኃና ሙቀት ተለይቶ አይኖርምና። በመሥሪያ ቤት ደረጃ ግን ቅርስና አካባቢ ለብዙ ዘመን በሁለት የተለያዩ በሮች ሲስተናገዱ ኖረዋል። አንዱ ቢሮ ስለ ሐውልቱ፣ ሌላው ስለ ውኃው ያስባል፤ ውኃው በሐውልቱ ውስጥ መሆኑን ማን ያስብ?

ውኃ ወደ ላይ ሲወጣ

ብዙ ሰው ለላሊበላ የሚያስበው ጠላት ከላይ የሚወርደው ዝናብ ነው። ለዚህም ነው ጣሪያ የመጀመሪያው መፍትሔ ሆኖ የሚታየው። ነገር ግን ውቅር ቤተ ክርስቲያን ከሌላ ሕንፃ በአንድ ነገር ይለያል። መሠረቱ ከተራራው አልተለየም። ድንጋዩ ከታች ካለው አለት ጋር አንድ አካል ነው፤ ስለሆነም በአለቱ ውስጥ ያለ እርጥበት ሳይከለከል ወደ ግድግዳው ያልፋል።

ቀጭን ቀዳዳ ውኃን ወደ ላይ እንደሚስብ ከካፒላሪ ትምህርት እናውቃለን። የመውጫው ከፍታ የሚገኘው የውኃውን የገጽ ውጥረት እጥፍ፣ ለውኃው እፍጋት፣ ለስበት ፍጥንጥነትና ለቀዳዳው ሬዲየስ ብዜት በማካፈል ነው (ውኃው ድንጋዩን ሙሉ በሙሉ ያርሰዋል ብለን)። የገጽ ውጥረቱን 0.073 ኒውተን በሜትር እንውሰድ። የቀዳዳው ሬዲየስ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ከሆነ ውኃው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወጣል። ሬዲየሱ 10 ማይክሮ ሜትር ሲሆን 1.5 ሜትር፣ 1 ማይክሮ ሜትር ሲሆን ደግሞ 15 ሜትር ይሆናል። የቤተ መድኃኔ ዓለም ቁመት 11 ሜትር ገደማ ነው። በተግባር ውኃው ይህን ከፍታ ሳይደርስ በመንገድ ላይ ይተናል፤ ስሌቱ የሚነግረን የመጨረሻውን ወሰን ብቻ ነው። ቢሆንም ከላይ የተዘረጋ ጣሪያ በዚህ መንገድ የሚመጣውን ውኃ ፈጽሞ ሊያቆም እንደማይችል ግልጽ ነው። የሚያቆመው፣ ወይም የሚቀንሰው፣ የውኃ መውረጃ ቦይ ነው። የጥንቱ ጠራቢዎች ይህን ዐውቀው በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የቆፈሯቸውን ቦዮችና መተላለፊያዎች ውኃ እንዲያስወጡ አድርገው ሠርተዋቸዋል። የቦይ ጠረጋ እንደ መጠለያ ፎቶግራፍ የሚያነሡት ሥራ አይደለም፤ ምናልባትም በስብሰባ ላይ ሰዓት የማያገኘው ለዚህ ይሆናል።

ውኃው ወደ ግድግዳው ገጽ ደርሶ ሲተን ያመጣው ጨው እዚያው ይቀራል። ጨው በቀዳዳ ውስጥ ክሪስታል ሲሠራ የቀዳዳውን ግድግዳ ይገፋል፤ የድንጋዩ ቆዳም እየተላጠ ይወድቃል። ከዚህም ሌላ የሸክላ ማዕድናት ነገር አለ። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በዘመናት ብዛት ሲበሰብስ በውስጡ ሸክላ ይፈጠራል፤ ከሸክላ ማዕድናት አንዳንዶቹ ደግሞ ውኃ ሲያገኙ ያብጣሉ፣ ሲደርቁ ይኮማተራሉ። በደቡብ አዲስ አበባ፣ በላፍቶና በለቡ አካባቢ የሚኖር አንባቢ ይህን ከእኛ መማር አያስፈልገውም። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው፣ በክረምት አብጦ የአጥርን ግንብ የሚያዘምመው መረሬ አፈር የዚሁ ባሕርይ ባለቤት ነው። በላሊበላ ድንጋይ ውስጥ ሊኖር የሚችለው እጅግ ያነሰ መጠን ነው፤ ነገር ግን ከስምንት መቶ ያላነሱ ክረምቶች አልፈውበታል።

በቤት የሚሠራ ሙከራ

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን አንባቢውን ወደ ሥራ እንጋብዝ። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በየግንባታው ደጃፍ የሚከመረውን፣ ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉትን ቀይ ቀዳዳማ ድንጋይ ያላየ የለም። (ንፋስ ስልክ ማለት ያለ ሽቦ በአየር የሚሄድ ስልክ ማለት ነው። የፊዚክስ መምህር ለተማሪዎቹ ከዚህ የተሻለ የሰፈር ስም ሊመኝ አይችልም።) ይህ ድንጋይ ስኮሪያ ይባላል፤ ከእሳተ ገሞራ ሲወጣ በውስጡ የነበረው ጋዝ አረፋ እንደሠራ የረጋ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ የተፈለፈሉበትም ድንጋይ የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ይበልጥ የጠጠረና የታመቀ መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም።

የእጅ ጭብጥ የሚያህሉ ሁለት ተመሳሳይ ቁራጮች ይመረጡ። ለሦስት ቀናት በፀሐይ ካደረቁ በኋላ በሱቅ ሚዛን ይመዘኑ። አንደኛው ለአንድ ሙሉ ቀን በውኃ ውስጥ ይንከር፤ ከተንሳፈፈ በማንኪያ ተጭኖ ይያዝ። ሲወጣ ላዩ በጨርቅ ተጠርጎ እንደገና ይመዘን። የሁለቱ ሚዛን ልዩነት በግራም፣ ድንጋዩ የጠጣው ውኃ በሚሊ ሊትር ማለት ነው። የድንጋዩን ይዘት ለማወቅ የራሰውን ቁራጭ እስከ አፉ በተሞላ ማሰሮ ውስጥ ከትቶ የፈሰሰውን ውኃ መለካት ይበቃል። የጠጣው ውኃ ለይዘቱ ሲካፈል ከድንጋዩ ውስጥ ምን ያህሉ ክፍት ቀዳዳ እንደሆነ ይገኛል። የራሰ ድንጋይ ከደረቁ ምን ያህል እንደሚከብድ ሲታይ ደግሞ የአንድ ሙሉ ጣሪያ አለት በሐምሌና በነሐሴ የሚጨምረውን ክብደት መገመት አያዳግትም።

ሁለተኛው ሙከራ ይበልጥ አስተማሪ ነው። ሁለቱንም ቁራጮች እንደገና አድርቀን፣ አንዱን ከታችኛው ገጹ በስተቀር በቀለጠ ሻማ እንቀባዋለን። ከዚያም ሁለቱንም ግማሽ ሳንቲ ሜትር ውኃ ባለበት ሳሕን ላይ እናቆማቸዋለን። ሁለቱም ከሥር ይጠጣሉ። በማግስቱ አውጥተን በደረቅ ቦታ እናስቀምጥና በየቀኑ እንመዝናቸው። ያልተቀባው በፍጥነት ይደርቃል፤ ሻማ የለበሰው ግን ውኃውን ይዞ ይሰነብታል። ውኃ ወደ ድንጋይ የሚገባው ፈሳሽ ሆኖ ነው፤ የሚወጣው ግን በአብዛኛው ተን ሆኖ ነው። መውጫው ከተዘጋ መግቢያው ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ይህ የሳሕን ሙከራ በላሊበላ በእውኑ መጠን ተሠርቶ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1954 በተካሄደው ጥገና አብያተ ክርስቲያናቱ ውኃ እንዳያስገቡ ተብሎ ሬንጅ ተቀቡ። ሐሳቡ ቀና ነበር፤ ድንጋዩ ግን እንደ ሻማው ቁራጭ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጄሊኒ የመሩት ሥራ ካከናወናቸው ተግባራት አንዱ ይህን ልባስ ማስወገድ ነበር። ከቅርብ ዘመን ወዲህ በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ጣሪያ ላይ በተደረገው ጥገና የኖራ ሞርታር ጥቅም ላይ የዋለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ኖራ ያስተነፍሳል፤ ሬንጅና ሲሚንቶ ግን ያፍናሉ።

ጥላና ነፋስ

አሁን ወደ መጠለያው እንመለስ። መጠለያ ምንም ጥቅም የለውም ማለት ትክክል አይደለም። ዝናብ በቀጥታ እንዳያርፍ ያደርጋል። ሁለተኛው ጥቅሙ እምብዛም አይነገርም፤ የሙቀት መለዋወጥን ይቀንሳል። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በአንድ ዲግሪ ሴልሲየስ ከርዝመቱ 8 ሚሊዮንኛ ያህል ይሰፋል እንበል። ቤተ መድኃኔ ዓለም 33 ሜትር ገደማ ይረዝማል። የጣሪያው ገጽ በቀንና በሌሊት መካከል በ15 ዲግሪ ቢለዋወጥ፣ በነጻነት መስፋት ቢችል ኖሮ 4 ሚሊ ሜትር ያህል በረዘመ ነበር። ነገር ግን በነጻነት አይሰፋም። የዕለቱ ሙቀት ወደ ድንጋዩ ዘልቆ የሚገባው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ድንጋይ ቀኑ መምሸቱንም አያውቅም። ላዩ ሊለጠጥ ይፈልጋል፣ ውስጡ ይይዘዋል፤ በመካከላቸው ውጥረት ይፈጠራል። ይህ በዓመት 365 ጊዜ ይደጋገማል። ጥላ ይህን ውጥረት ያረግበዋል።

በሌላ ወገን ደግሞ ከተነሡት ሥጋቶች አንዱ፣ ለዘመናት ከእርጥበት ጋር የኖረ ድንጋይ ድንገት ከልክ በላይ ሲደርቅ ሊሰነጠቅ ይችላል የሚለው ነው። ስለ መረሬ አፈር ያልነውን ያስታወሰ አንባቢ ይህ ሥጋት ከንቱ እንዳልሆነ ይረዳል። እንግዲህ አንድ ጣሪያ በሙቀቱ በኩል ሲጠቅም በእርጥበቱ በኩል ሊጎዳ ይችላል። የትኛው ያመዝናል? ይህን ማመዛዘን የሚቻለው በእያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ላይ የሙቀት፣ የአንጻራዊ እርጥበትና የስንጥቅ ስፋት ልኬት ለብዙ ዓመታት ሲያዝ ነው። መጠለያ ያልተሠራለት ቤተ ጊዮርጊስ በዚህ ረገድ ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሆናል።

ጣሪያ ዝናብን አያጠፋም፤ ቦታውን ይለውጠዋል እንጂ። ለስሌት እንዲመች 1,000 ሜትር ካሬ የሆነ ጣሪያ እንውሰድ። 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥልበት 40,000 ሊትር ውኃ ይሰበሰባል። ቀድሞ በሰፊው ተበትኖ ይወርድ የነበረው ውኃ አሁን በጥቂት መውረጃዎች ይከማቻል። እነዚያ መውረጃዎች ወዴት ያፈሳሉ የሚለው ጥያቄ ከጣሪያው ውበት ቢቀድም ይሻላል።

የነዋሪውን እንቅልፍ የነሣው ግን ነፋሱ ነው። የነፋስ ግፊት የአየሩ እፍጋት ግማሽ በፍጥነቱ ስኩዌር ሲባዛ ይገኛል። ላሊበላ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩን እፍጋት 0.95 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ እንበለው። በሰከንድ 30 ሜትር (በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር) የሚነፍስ ማዕበል ወደ 430 ኒውተን በሜትር ካሬ ግፊት ይሰጣል። ይህ በ1,000 ሜትር ካሬ ላይ ወደ ላይ ቢሠራ 430,000 ኒውተን፣ ማለትም የ44 ቶን ክብደት ያህል የማንሣት ኃይል ነው። ጣሪያው በቀለለ መጠን ይህን ኃይል መቋቋም ይሳነዋል። ስለዚህ መሐንዲሱ ሁለት ምርጫ ብቻ ይኖረዋል፤ ወይ ምሰሶውን በአለቱ ውስጥ ቆፍሮ ማሰር፣ ወይ ከሥሩ ከባድ ሚዛን መጫን። የመጀመሪያው የማይመለስ ጠባሳ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያንን ሁሉ ቶን በቅርሱ ጫፍ ላይ ያሳርፋል። «ቀላል መጠለያ» የሚባለው፣ ከእነ ሚዛኑ ሲቆጠር፣ ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ማጋነንም አይገባም። 44 ቶኑ በአራት እግሮች ላይ ቢከፈልና እያንዳንዱ እግር 1 ሜትር ካሬ ላይ ቢያርፍ፣ ግፊቱ 108,000 ፓስካል ገደማ ነው። ደካማ የሚባል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እንኳ፣ ስንጥቅ ከሌለበት፣ ጥቂት ሚሊዮን ፓስካል ይሸከማል። ስለሆነም ክብደቱ ብቻውን አለቱን አይጨፈልቅም። አሳሳቢው «ስንጥቅ ከሌለበት» የሚለው ሐረግ ነው። በላሊበላ ከሥር መተላለፊያዎች አሉ፤ የጉድጓዱ ጠርዝ ቅርብ ነው፤ ስንጥቆችም በዓይን ይታያሉ። በሰላሙ ጊዜ የማይንቀሳቀስ ክብደት፣ ነፋስ ምሰሶውን ሲወዘውዘው ተደጋጋሚ ንዝረት ይሆናል።

ሚኒስትሩና ባለሙያው

ጥንታዊ ድንጋይን በመጠለያ መሸፈን የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። በማልታ የሃጋር ቂምና የምናይድራ ጥንታዊ መቅደሶች እ.ኤ.አ. በ2009 ተመሳሳይ መጠለያ ተሠርቶላቸዋል። በፈረንሳይ የላስኮ ዋሻ ደግሞ፣ የጎብኚዎች ትንፋሽ ሥዕሎቹን ስላበላሸ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ለሕዝብ ተዘግቷል። የላስኮ መፍትሔ ለላሊበላ አይሆንም። ላሊበላ ሙዚየም አይደለችም፤ ማኅሌት የሚቆምባት፣ ለገና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ምእመን የሚሰበሰብባት ቤተ ጸሎት ናት። ካህናቱና ነዋሪዎቹ «አስተያየት ሰጪዎች» ሳይሆኑ ባለጉዳዮች ናቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92ም ሕዝቡ በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ከዚህም ሌላ ከልጅነቱ ጀምሮ ያንኑ ስንጥቅ ሲያይ የኖረ ዲያቆን የትኛው ስንጥቅ አዲስ፣ የትኛው አሮጌ እንደሆነ መናገር ይችላል። መሣሪያ ከመተከሉ በፊት ለነበሩት ዓመታት ከእርሱ ሌላ ልኬት የለንም።

ወደ ሚኒስትሩ ጥያቄ እንመለስና «ይነሣ ወይስ ይቆይ?» ለሚለው ምን ብለን እንመልሳለን? እኛ የምንመክረው ጥያቄውን መለወጥ ነው። የትኛው መጠለያ? ከየትኛው ክረምት በፊት? ከተነሣ በኋላ ጣሪያው በኖራ ተጠግኖ ይጠብቃል ወይስ ባዶውን ዝናብ ይቀበላል? መጠለያውን ለማንሣት የሚያስፈልገው ክሬን የት ይቆማል፣ ስንት ቶንስ ይመዝናል? ጥገናው ሳያልቅ መጠለያውን ማንሣት የራሱ አደጋ አለው፤ ጥገናውን እያዘገዩ መጠለያውን ለዘላለም ማቆምም እንዲሁ። ጊዜያዊ የተባለ ነገር የሚነሣበት ቀንና የሚነሣበት ገንዘብ በመጀመሪያው ውል ላይ ካልሰፈረ፣ ጊዜያዊ መሆኑ በቃል ብቻ ይቀራል። ይህን ማስፈር የፖሊሲ አውጪው ሥራ ነው። ባለሙያው ደግሞ «ይቻላል» ወይም «አይቻልም» ከማለቱ በፊት ቁጥሩን ከእነ ስሕተት ወሰኑ ማቅረብ አለበት። ሚኒስትሮች እርግጠኛ ያልሆነ ቁጥር አይወዱም የሚል ወሬ አለ፤ በጥንቃቄ ቢነገራቸው ግን ከብዙ ባለሙያዎች ይልቅ እነርሱ ጥርጣሬን የለመዱ ናቸው።

ስንጥቅን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በስንጥቁ ሁለት ዳር ሁለት ትናንሽ ምልክቶች ተለጥፈው በየወሩ በተመሳሳይ ሰዓት በካሊፐር ርቀታቸው ቢለካ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ስንጥቁ ከወቅት ጋር የሚተነፍስ ይሁን ወይም በአንድ አቅጣጫ እየሰፋ የሚሄድ ይሁን ይለያል። የመጀመሪያው ዓይነት የሙቀትና የእርጥበት ነው፤ ሁለተኛው ግን መሐንዲስ በአስቸኳይ ይጠራል። ሰዓቱ ለምን ተመሳሳይ መሆን እንዳለበት ከላይ ካልነው መረዳት ይቻላል።

በተለመደው አሠራራችን ለአንባቢው ሦስት ጥያቄዎች እንተዋለን። አንደኛ፣ ሬዲየሱ 5 ማይክሮ ሜትር በሆነ ቀዳዳ ውኃ እስከ ስንት ሜትር ይወጣል? ሁለተኛ፣ የነፋሱ ፍጥነት በግማሽ ቢቀንስ ከላይ ያሰላነው 44 ቶን ስንት ይሆናል? ለምንስ ግማሽ አልሆነም? ሦስተኛ፣ አንድ ሰው በሰዓት 50 ግራም ያህል ውኃ በትንፋሽና በላብ ያወጣል ብንል፣ 200 ምእመናን 5 ሰዓት በፈጀ ቅዳሴ በቤተ ክርስቲያኑ አየር ውስጥ ስንት ሊትር ውኃ ይጨምራሉ? በሩና መስኮቶቹ ክፍት ቢሆኑስ ያ ውኃ ወዴት ይሄዳል?